ለመስታወቱ እንግዳ የተሰፋ ኮት

ጥቅምት 9

ይድረስ ለምወድህ ለአጎቴ ልጅ፣ ለቀጮ፤

ከራስ ፀጉርህ እስከ እግር ጥፍርህ ሰላም ሁን። ሁላችንም ደህና ነን ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን ለአንተ ውሸት ስጽፍ እጄ እሺ አይለኝም። ልጄ ደህና ናት። ስፌት ቤታችንም እየሠራ ነው። እኔም ክር መርፌ ውስጥ ለማስገባት መነጽር ከማድረጌ በቀር እንዳለሁ አለሁ። ደህና ያልሆነው ወንድሜ ነው፤ ጋሼ።

ቀጮ፣ እንግዳው መጣ።

ማክሰኞ ጠዋት ጋሼ ሱቁን ሲጠርግ ቆይቶ ደንበኞች በሚለኩበት ትልቅ መስታወት ፊት ቆመና «እንደምን አደሩ፣ ይግቡ እንጂ» አለ። ሰው የመጣ መስሎኝ ዞር ስል ማንም የለም። ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ በመስታወቱ ውስጥ ያለውን ሰው ትከሻ ሊለካ እጁን ዘረጋ። የሜትሩ ብረት መስታወቱን ሲነካው ቀጭ አለ። ያንን ድምፅ ታውቀዋለህ። አያታችን እንዲሁ ነበሩ። አባቴም፣ አባትህም። ሃምሳ ሳይሞላቸው እንግዳውን ተቀበሉት፣ ለኩት፣ ኮት ሰፉለት፣ ከዚያ የእኛን ስም ረሱ። ሦስቱ ኮቶች አሁንም ጓዳ ተሰቅለዋል። የሚለብሳቸውም የሚጥላቸውም አልተገኘም።

እኔም እናቶቻችን ያደርጉ እንደነበረው መስታወቱን ወደ ግድግዳ አዞርኩት። እንግዳው የሚገባው በዚያ በኩል ነው ሲሉ ሰምተን ነው ያደግነው። ደንበኞች ግን ይስቁብኛል። «ልብስ ሰፊ ያለ መስታወት?» ሲሉኝ «መስታወታችሁ እኔ ነኝ፣ ያማረባችሁን እነግራችኋለሁ» እላለሁ። አንዷ ወይዘሮ ወገቧን ይዛ «መስታወት ግን ዋጋ ሊቀበል ብሎ አያሞግስም» አለችኝ። ሳቅኩ፤ ሳቁ ግን ከአንገት በላይ ነበር።

በስልክ ያልነገርኩህ ጋሼ ከጎኔ ስለማይጠፋ ነው። አንተ የሰው አንጎል ስትቆርጥ የምትውል ሰው ነህ። እዚያ ባሕር ማዶ መድኃኒት ካለ ንገረኝ። ከሌለም የለም በለኝ፣ አታባብለኝ።

እትዬህ


ኅዳር 21

ለእናቴ ምትክ ለእትዬ፤

ጤናሽ እንደ ስፌትሽ የጠበቀ ይሁን። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ቆይቷል። ልጽፍ እቀመጣለሁ፣ ተነስቼ ሻይ አፈላለሁ፣ ሻዩ ይቀዘቅዛል። ይቅርታሽን።

አታባብለኝ ስላልሽ አላባብልሽም። ጋሼን ወደ ነበረበት የሚመልስ መድኃኒት የለም። ገና ሲጀምር በሽታውን ለአንዳንድ ሰው በመጠኑ የሚያዘገዩ አሉ፤ እነሱም ያለ ሐኪም ክትትል አይሆኑም። ዛሬ ነገ ሳትይ ለሐኪም አሳዪው። መስታወቱን ግን መልሺው። መስታወቱ አልበደለም። ጋሼ የረሳው የራሱን ፊት ነው።

እዚህ የምሠራው ምን እንደሆነ በደንብ ነግሬሽ አላውቅም። ክፍሌ ጠባብ ናት፣ መስኮቷ የመኪና ማቆሚያ ነው የሚያየው። ቤተሰቦች ከሟች የሰጡንን አንጎል በሰም ውስጥ እናስቀምጠዋለን፤ ከዚያ እኔ በስለት ማሽን ከፀጉር የቀጠነ አድርጌ እቆርጠዋለሁ። ቁራጩ ለብ ባለ ውሃ ላይ ሲንሳፈፍ በመስታወት ስላይድ አነሳዋለሁ፣ ቀለም ይቀባል፣ በማይክሮስኮፕ ይታያል። እንደ ጋሼ በታመሙት ላይ በየቦታው ቡናማ ነጠብጣብ አለ። የመጀመሪያ ቀን ሳየው ሻጋታ መሰለኝ።

የነጠብጣቡ መነሻ ሁላችንም ያለን አንድ ፕሮቲን ነው፤ አሚሎይድ ፕሪከርሰር ፕሮቲን ይባላል። በአንቺ ሙያ ላስረዳሽ። የአንጎልን ሴል የሸፈነው ቆዳ ጨርቅ ነው በይ። ፕሮቲኑ ጨርቁን ወግቶ ያለፈ ክር ነው፤ ረጅሙ ጫፍ ውጭ፣ አጭሩ ውስጥ። ይህን ክር የሚቆርጡ መቀሶች አሉ። አንደኛው መቀስ በትክክለኛው ቦታ ከቆረጠው፣ ወደ ውጭ የሚለቀቀው ቁራጭ ሴሎቹ እንዲያድጉ፣ እርስ በርስ እንዲያያዙ፣ ሲጎዱም እንዲጠገኑ ያግዛል። ሌላው መቀስ ቀድሞ ከፍ ብሎ ከቆረጠው ግን፣ ሦስተኛው ደግሞ ከጨርቁ ውስጥ ይቆርጠዋል፤ መሃል ላይ አሚሎይድ ቤታ የሚባል ቅዳጅ ይተርፋል። ቅዳጁ ያጣብቃል። በሁላችንም ጭንቅላት ውስጥ በየዕለቱ ይወድቃል፣ በየዕለቱም ይጠረጋል። ያልተጠረገው ግን እርስ በርሱ ተጣብቆ ይከመራል፤ ሴሎቹም መነጋገር ያቅታቸዋል።

የብዙ ሰው በሽታ በእርጅና የሚመጣ ነው፤ መንስኤውም ብዙ ነው። እንደ እኛ ቤት በጉልምስና ከወላጅ ወደ ልጅ ሲወርድ ግን፣ አንዳንዴ በዚህ ክር ንድፍ ላይ፣ ጂን በሚባለው ጽሑፍ፣ መቀሱ ከሚያርፍበት አጠገብ፣ አንዲት ፊደል ተሳስታ ትገኛለች። ያቺን ፊደል የያዘ ወላጅ ለእያንዳንዱ ልጁ የማውረዱ ነገር ግማሽ በግማሽ ነው።

ስለዚህ የምለምንሽ ነገር አለ። አብራን የምትሠራው ሐኪም ትንንሽ ብልቃጦች ትልክልሻለች። ፊደሏ ከምራቅ ትታወቃለችና የጋሼን ምራቅ ላኪልን። ከፈቀድሽ ያንቺንም።

ቀጮ


ጥር 4

ለቀጮ፤

ፈጣሪ ክፉ አያሳይህ፣ ብርዱም አይንካህ። ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የፕሮቲኑ ስም ብቻውን ሰው ያስረሳል! ልጄ በቃሏ ይዛው ስፌት መኪናዋ ላይ ሆና ትዘምረዋለች።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም። እንዲህ አደገኛ ከሆነ ፈጣሪ ለምን ሰጠን? ለምን ነቅላችሁ አትጥሉትም?

የጋሼን ምራቅ ልኬያለሁ። ብልቃጡን ሳሳየው ተቆጣ። «ሰው አስቀይሞኝ እንኳ ተፍቼ አላውቅም፣ አሁን በባዶ ሜዳ ልትፋ?» አለ። ልጄ ቀድማ ተፋችና አሳየችው፤ ያኔ እሺ አለ።

መስታወቱን እንዳልከኝ መለስኩት። ጋሼ ሲያየው ፊቱ በራ። «የት ከርመህ ነው?» አለው። አጠገቡ ቆሜ «ጋሼ፣ ማን ነው እሱ?» አልኩት። እንደ ሞኝ አየኝና «ቀጮ ነዋ! ምነው፣ አላወቅሽውም? ከስቷል» አለኝ። እኔም ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

ኮቱን ጀምሯል። ስሜን አንዳንዴ ይስታል፣ ጠመኔው ግን መስመር አይስትም። አያታችንም አባቶቻችንም የሰፉት ኮት በገዛ ራሳቸው ልክ ነበር፤ እንግዳው እነሱው ናቸውና። የጋሼ ግን በጋሼ ልክ አይደለም። ትከሻው ጠባብ፣ እጅጌው ረጅም ነው። እዚህ ቤት የሚሆነው ሰው የለም።

የእኔ ብልቃጥ ባዶውን የአዝራር መደርደሪያ ላይ ቆሟል። ለምን እንደሆነ ልንገርህ። ባለፈው ሳምንት የትምህርት ቤቱን ዳይሬክተር ኮት ስቆርጥ ሁለቱንም የፊት ቁራጭ የግራ አድርጌ ቆረጥኩት። እኔ! ልጅ ሆኜ እንኳ እንዲህ ተሳስቼ አላውቅም። መቀሱን አስቀምጬ እጄን አየሁት። ልጄ ክረምቱ ሲወጣ ታገባለች። እኔ ጋ ካለ ለእሷም ሊደርስ ይችላል። አውቄ ምን አደርጋለሁ ቀጮ? ሆድ ይፍጀው ብል ይሻለኛል።

እትዬህ


መጋቢት 16

ለእትዬ፤

ሰላም ለቤትሽ ሁሉ። የዘገየሁት ሥራ በዝቶብኝ ነው።

ሐኪሟ ደውላ ነግራሻለች፤ ፊደሏ ጋሼ ላይ ተገኝታለች። ብንጠብቀውም መስማቱ ያማል።

ነቅላችሁ ጣሉት ላልሽው፣ ተሞክሯል። ያለዚህ ፕሮቲን የተወለዱ የላቦራቶሪ አይጦች አሉ። ይኖራሉ፣ ግን ይኮሰምናሉ፣ የመጨበጥ ኃይላቸው ይደክማል፣ ሲያረጁ መማር ይቸግራቸዋል። የሚጠግነንም የሚያፈርሰንም ያው አንዱ ክር ነው። ሌላ የሚገርም ነገር ልንገርሽ። እዚያው ክር ላይ አንዲት ሌላ ፊደል የተለወጠችባቸው ጥቂት ሰዎች አሉ፤ መቀሱ በደንብ እንዳይቆርጥ ስለምታደርግ እስከ እርጅናቸው ድረስ ከዚህ በሽታ ትጋርዳቸዋለች። የኛ ዕጣ ወዲህ ሆነ።

በሁለቱ ግራ ፊት አትደንግጪ። የደከመ ሰው ይሳሳታል። መቀሱን የት እንዳስቀመጡ መርሳትና መቀስ ለምን እንደሚያገለግል መርሳት ለየቅል ናቸው። ምራቅሽን መስጠት ግን ግዴታ አይደለም። አለማወቅም መብትሽ ነው። ማወቅ ምን እንደሚመስል ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ይከብዳል።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ጋሼ የሰፋው ኮት እጅጌው ምን ያህል ይረዝማል? ትከሻውስ? ዝም ብዬ ነው የምጠይቀው።

ቀጮ


ሚያዝያ 2

ለቀጮ፤

እኔ ዝም ብሎ የሚጠይቅ ልብስ ሰፊም የልብስ ሰፊ ዘመድም አላውቅም። ይሁን፣ ልኬቱን ልኬልሃለሁ። ቁጥር አልጻፍኩልህም። በሩቅ ላለ ደንበኛ በቤታችን እንደሚደረገው ክር ቋጥሬ ነው የላክሁት። ቀዩ ክር ትከሻ ነው፣ ከዳር ቋጠሮ እስከ ዳር ቋጠሮ። ነጩ እጅጌ ነው፣ ከትከሻ ጫፍ እስከ አንጓ። በማን ላይ እንደምትለካው አንተ ታውቃለህ።

ጋሼ ኮቱን ጨርሶታል። ገበሩን በእጁ ነው የሰፋው። ሲጨርስ ማንጠልጠያ ላይ ሰቀለውና «ሲመጣ ስጪው» አለኝ። ከዚያ ወዲህ መስታወቱንም ረስቶታል፣ ዞር ብሎ አያየውም። እኔ ግን በፊቱ ባለፍኩ ቁጥር ዓይኔን እሰብራለሁ። ሰው በገዛ ሱቁ እንዲህ ይፈራል?

ምራቄን ልኬዋለሁ። ልጄ ናት ያስወሰነችኝ። «እማ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ስትዪ አልነበር ያሳደግሽኝ?» አለችኝ። ልጅ የወለደ በገዛ አፉ ይያዛል።

አንተስ? ሥራ በዝቶብኝ ነው ብለሃል። አንተ ሥራ ሲበዛብህ ደብዳቤህ ይረዝም ነበር፣ ማጉረምረም ስለምትወድ። ይኼኛው አጭር ነው።

እትዬህ


ሰኔ 11

ለቀጮ፤

ያለፈውን ሳትመልስልኝ ሌላ መጻፌ ነው። ስልክ ብደውል አታነሳም።

ሐኪሟ ትናንት ደወለች። ነፃ ነኝ! ፊደሏ እኔ ጋ የለችም፤ ልጄም ከእኔ የምትወርሳት ነገር የለም። ሱሪውን እየለካሁለት የነበረ ደንበኛ ስጮህ መርፌ የወጋሁት መስሎት ራሱ ጮኸ። ልጄ ከስፌት መኪናዋ ተነስታ አቀፈችኝ፣ ጋሼም ነገሩ ባይገባው አብሮን አጨበጨበ። እሱን ሳየው ደስታዬ አፈረ። ከአንድ ሆድ ወጥተን እኔን ዘላ እሱን ያዘችው።

ሁለተኛው ሐሳቤ አንተ ነበርክ። ቁጭ ብዬ ደብዳቤዎችህን አየኋቸው። ስለ ጋሼ ጽፈሃል፣ ስለ እኔ ጽፈሃል፣ ስለ አይጥ ሳይቀር ጽፈሃል። አባትህም እኮ በዚሁ ነው የሄዱት። ስለ ራስህ አንዲት ቃል የለም። «ማወቅ ምን እንደሚመስል ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ይከብዳል» ብለሃል። አንተ ታዲያ ከየት አወቅከው?

የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች እንዳልልህ እፈራለሁ። አፈር ስሆን፣ እውነቱን ጻፍልኝ።

እትዬህ


ነሐሴ 3

ለእትዬ፤

እንኳን ደስ አለሽ። የልጅሽን መዳን ሳነብ በሥራ ቦታዬ መተላለፊያ ላይ ቆሜ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ይህ ውሸት የለበትም።

ፊደሏ እኔ ጋ ናት። ያወቅኩት ከዓመታት በፊት ነው። ውጤቴን የነገሩኝ ዕለት ከሐኪም ቤቱ ወጥቼ ጫማ ገዛሁ፤ ለምን እንደገዛሁ እስከ ዛሬ አላውቅም። ይህንን ሥራ የፈለግኩትም ለዚሁ ነው፣ የሚገድለኝን ነገር በዓይኔ ላየው ብዬ። አየሁት። ማይክሮስኮፑ ላይ ባጎነበስኩ ቁጥር የሌላ ሰው አንጎል እያየሁ የራሴን ነው የማስበው። ቆሞ ቀር እያልሽ ስታሾፊብኝም አልፈረድኩብሽም። ሴት ጠፍታ አልነበረም፣ ልጅ መውለድ ፈርቼ ነው።

በዚህ ዓመት ጀመረኝ። የአንዲት ሴትን ቁራጮች በአንድ ሽማግሌ ሳጥን ውስጥ ደረደርኳቸው። ማንም ሊሳሳት ይችላል፣ አንቺንም እንዲሁ ብዬ አጽናንቼሽ ነበር። እኔ ግን ሲያሳዩኝ የእኔ ሥራ መሆኑን ማመን አቃተኝ። አለቃዬ ከስለቱ ላይ አነሳችኝ። አሁን መለያ እለጥፋለሁ። የሚያዘግየውን መድኃኒት ጀምሬያለሁ፤ ማዘግየት ነው እንጂ ማቆም አይደለም። የመታጠቢያ ቤቴን መስታወት ደግሞ በፎጣ ሸፍኜዋለሁ። አዎ፣ እኔው ራሴ፣ መስታወቱ አልበደለም ብዬ የጻፍኩልሽ ሰውዬ። ፎጣው ሲወድቅ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የማነሳው።

ክርሽን ለካሁት። ቀዩ ከትከሻዬ ዳር እስከ ዳር ልክ መጣ። የነጩ ቋጠሮ አንጓዬ ላይ አረፈ። ጋሼ ለመጨረሻ ጊዜ የለካኝ ገና ጢም ሳላበቅል ነው፤ ያደግኩት እዚህ ነው። ልኬን እንዴት እንዳወቀ አልመረምርም። በዚያች ቀን ግን እንግዳው ማን እንደሆነ ገባኝ።

አሁን የምለምንሽን ስሚኝ። ስሞት አንጎሌ ለላቦራቶሪው እንዲሰጥ ወስኛለሁ። የቅርብ ዘመድ ፊርማ ያስፈልገዋል፣ ወረቀቱ ከዚህ ጋር አለ። ፈርመሽ መልሺልኝ። ወደ ቤት አልመጣም። አባቴን ባየሁበት ዓይን እንድታዩኝ አልፈልግም። እዚህ እንደኔ ያሉትን የሚንከባከብ ቤት አለ። ሠራተኞቹ አያውቁኝም፤ ብረሳቸው አይከፋቸውም።

ቀጮ


ነሐሴ 14

ለቀጮ፣ ለወንድሜ፤

ደብዳቤህን ከልጄ ጋር አነበብነው። አለቀስን። እሷ እንባዋን ጠርጋ ስትነሳ እኔ ተናደድኩ፣ ንዴቴም አልበረደልኝም። ስለዚህ ሰላምታ አልሰጥህም።

ያን ሁሉ ዓመት ብቻህን! አንድ ሰው ስንት ሻይ አፍልቶ ያቀዘቅዛል? ለማን ብለህ ነው? እኛ እንዳንጨነቅ? መጨነቅ ሥራችን ነው፣ ዘመድ ለምን የሚሆን መሰለህ?

«አባቴን ባየሁበት ዓይን እንድታዩኝ አልፈልግም» ብለሃል። አንተ አባትህን ያየኸው በልጅ ዓይን ነው፣ ከበር ሆነህ። ያጠብኳቸው እኔ ነኝ። ያላየኸውን ልንገርህ። ስማችንን ሁሉ ከረሱ በኋላ አንድ ቀን የእግር ጥፍራቸውን ስቆርጥላቸው ጎንበስ ብለው አዩኝና «አንቺ ደግ ሴት፣ የማን ልጅ ነሽ?» አሉኝ። «የወንድምዎ ነኝ» አልኳቸው። «ወንድሜ ታድሏል» አሉና ፀጉሬን ዳበሱኝ። ማን እንደሆንኩ አላወቁም። እንደሚወደዱ ግን አውቀው ነበር። ያቺን ቀን በምንም አልለውጣትም። ስለዚህ ብረሳቸው አይከፋቸውም ወደምትላቸው ሰዎች አትሂድ። የሚከፋቸው ሰዎች ናቸው የሚጠብቁህ።

ፈርቻለሁ፣ አልዋሽህም። ጋሼ አለ፣ አንተ ትጨመራለህ፣ እኔ አንዲት ሴት ነኝ። ግን ልጄ ከእጮኛዋ ጋር ተነጋግራ ከሱቁ ጀርባ ያለውን ክፍል አስቀባችው። ሠርጓ አንተን ይጠብቃል ብላለች፤ እሷና ወረቀት የያዙትን አይለቁም። መድኃኒትህንም የሚከታተል ሐኪም እዚህ አግኝቻለሁ፣ ከሐኪምህ ጋር እንዲጻጻፉ አድርግ።

ወረቀቱን ፈርሜዋለሁ። አንጎልህ ሞተህ ስታበቃ የእነሱ ይሁን፤ ይቁረጡት፣ ይቀቡት፣ ለሌላ ሰው ልጅ መድኃኒት ያግኙበት። እንዴት መጥተው እንደሚወስዱት እነሱ ይጨነቁበት። በሕይወት እስካለህ ድረስ ግን የእኛ ነህ። የፈረምኩትን አልልክልህም፣ መጥተህ ከእጄ ውሰድ።

ከሩቅ ሆነህ ከምታስታውሰን፣ እዚህ አጠገባችን ተቀምጠህ ብትረሳን ይሻለናል። የምትመጣበትን ቀን ብቻ ጻፍልኝ።

እትዬህ